ሰርቨሩ ፋይሌን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል

ጥያቄ፦ የምኖረው በአዲስ ዘመን ከተማ፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ ነው። የምሠራበት ድርጅት ሰርቨር ያለው ግን ደብረ ታቦር በሚገኘው ዋናው ጽሕፈት ቤታችን ነው። ሰርቨሩ የሚሠራው በኡቡንቱ ሊኑክስ ሲሆን ያዘጋጀው ባለሙያ ሥራ ለቆ ሲሄድ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው፤ ሊኑክስን የለመድኩት እዚያው ሥራ ላይ ነው። ከአንድ ወር በፊት ዲስኩ ስለሞላ የምንጠቀምበትን መለያ ፎልደር በሙሉ በውጫዊ ዲስክ አድርጌ ወደ አዲስ ዲስክ አዛወርኩት። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ፋይሎች «ፈቃድ የለም» እያሉ ስላስቸገሩኝ አንድ ጓደኛዬ በነገረኝ መሠረት ፎልደሩን ከነውስጡ 777 አደረግሁት። ሁሉም ተከፈተልኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ነገር ተበላሸ። ከአዲስ ዘመን ሆኜ ያለ ይለፍ ቃል፣ በቁልፍ ፋይል እገባበት የነበረው ሰርቨር አሁን ይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሌሊቱን ባክአፕ ስመለከት ፋይሎቹ በየቀኑ ተፈጥረዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው 20 ባይት ብቻ ናቸው። አንድም የስሕተት መልእክት አላየሁም። የቅንብር ፋይሎቹን ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ሰው ሰብሮ ገብቶ ይሆን? ለአለቃዬ እስካሁን አልነገርኩም። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ ጭንቀትዎ ሦስት መልክ አለው፦ ሰው ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ይሆን የሚል ፍርሃት፣ የድርጅቱ መረጃ ጠፍቶ ይሆን የሚል ስጋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋይሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ማሽኑ ለምን እንደማይታዘዝ አለማወቅ። ሦስቱም ተገቢ ጭንቀቶች ናቸው፤ በጥያቄዎ የሚያፍሩበት ምክንያት የለም። በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰዎችም በዚሁ ነገር ሙሉ ቀን ያጠፋሉ።

የሚያረጋጋውን ላስቀድም። የጻፉልኝ ሁለቱ ብልሽቶች ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ ምንጩም ያ 777 ነው። ሰው ለመግባቱ ማስረጃ የሚሆን ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። ባክአፑ የሚወጣበት ዋናው ዳታቤዝ በየቀኑ እየሠራ ከሆነ መረጃዎ አለ፤ የሌለው የአንድ ወር መጠባበቂያው ነው። ይህ ግን በራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በክረምት ከጉና ተራራ የሚወርደው ዝናብና ነጎድጓድ መብራቱን በሚያቆራርጥበት አካባቢ፣ መጠባበቂያ የሌለው ዳታቤዝ አንድ ክፉ ሌሊት ይበቃዋል። ስለዚህ ቀሪውን ከማንበብዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ፦ ወደ ሰርቨሩ በይለፍ ቃል ይግቡና ባክአፑን በእጅዎ ያስነሡት። ይለፍ ቃል ሲጠይቅዎት ራስዎ ይጻፉለት። የወጣው ፋይል ከወር በፊት ከነበሩት ጋር የሚቀራረብ መጠን እንዳለው ይመልከቱ፤ ከዚያም ቅጂውን ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡት። ይህን ካደረጉ በኋላ ቀሪውን ረጋ ብለን እናየዋለን።

ወደ ምክንያቱ ልግባ። ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር አንድ ባለቤት፣ አንድ ቡድንና የፈቃድ ልክ አለው። ልኩ የሚጻፈው በሦስት አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያው የባለቤቱን፣ ሁለተኛው የቡድኑን፣ ሦስተኛው የሌላውን ሰው ሁሉ ፈቃድ ያሳያል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይቆጠርና ይደመራል። 600 ማለት ባለቤቱ ብቻ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌላው ምንም አይችልም ማለት ነው። 777 ደግሞ በዚያ ማሽን ላይ መለያ ያለው ማንኛውም ሰው፣ እንዲሁም እዚያ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም፣ ፋይሉን ማንበብ፣ መለወጥና ማስኬድ ይችላል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ፈቃድ ሲሰፋ ነገሩ ይቀልላል ብሎ ያስባል። ለተራ ሰነድ እውነት ሊሆን ይችላል። የቁልፍና የይለፍ ቃል ፋይሎች ላይ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። እነዚህን ፋይሎች የሚያነቡ ፕሮግራሞች ይዘቱን ከማየታቸው በፊት ማን ሊነካው እንደሚችል ይመረምራሉ። ማንም ሊነካው የሚችል ሆኖ ካገኙት ይዘቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን አይቀበሉትም። የብሔራዊ ፈተና ፖስታን ያስቡ፦ ማኅተሙ ተቀዶ የደረሰ ፖስታ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች አንድ በአንድ ትክክለኛዎቹ ቢሆኑም ፈታኙ አያድላቸውም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ ተማሪዎች በሌላ ጊዜ እንዲፈተኑ የተደረገውም ጥያቄዎቹ ስሕተት ስለነበሩ አልነበረም። እርስዎም ፋይሉን ደጋግመው አንብበው አንዲት ፊደል አለመለወጧን ያረጋገጡት ለዚህ ነው። የተለወጠው ከጽሑፉ ውጭ ያለው ነው፤ ባለቤትነቱና ፈቃዱ።

አሁን ወደ ሁለቱ ብልሽቶች እንመለስ። በቁልፍ መግባት የሚቻለው ኤስኤስኤች በሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ወደ ሌላ ኮምፒውተር በተመሰጠረ መንገድ መግቢያ ማለት ነው። ይህን ፕሮግራም መጀመሪያ የጻፈው ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎኔን ሲሆን ጊዜው 1995 እ.ኤ.አ. ነበር። ምክንያቱም በነበረበት በሔልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ ይለፍ ቃሎች በመሰረቃቸው ነው። ዛሬ በሰርቨርዎ ላይ ያለው ኦፕንኤስኤስኤች የሚባለው ዝርያ ነው። ሰርቨሩ የእርስዎን ቁልፍ የሚያውቀው በመለያዎ ፎልደር ውስጥ፣ በነጥብ በሚጀምረው ስውር የኤስኤስኤች ፎልደር፣ «ኦቶራይዝድ ኪስ» በተባለ ፋይል ላይ ስለተመዘገበ ነው። ፋይሉን ከማንበቡ በፊት ሦስት ነገር ይመረምራል፦ ፋይሉን ራሱን፣ ስውሩን ፎልደር፣ የመለያውን ዋና ፎልደር። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ለሌላ ሰው የመጻፍ ፈቃድ ካለው ቁልፎቹን በሙሉ እንደሌሉ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። ዋናው ፎልደር የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። የላይኛውን ፎልደር መለወጥ የሚችል ሰው የታችኛውን በሌላ ተክቶ የራሱን ቁልፍ ማስገባት ይችላልና። ይህ ምርመራ «ስትሪክት ሞድስ» ይባላል፤ ማንም ሳያበራው በነባሪነት የበራ ነው።

ታዲያ ለምን አይነግርዎትም? በር ላይ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ገና ስላላወቀ ነው። «የዚህ መለያ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ነው» ብሎ ለእንግዳ መንገር ለሌባ ፍንጭ መስጠት ይሆናል። ስለዚህ ለጠያቂው ምክንያቱን ሳይነግር ወደሚቀጥለው መንገድ፣ ወደ ይለፍ ቃል ይሸጋገራል። ምክንያቱን የሚጽፈው በሰርቨሩ ውስጥ ባለው ሎግ ላይ ነው። ሎግ ማለት ማሽኑ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት የክንውን መዝገብ ነው። በኡቡንቱ ላይ «ኦውዝ ሎግ» የሚባለውን ቢከፍቱ፣ ባለቤትነቱ ወይም ፈቃዱ መጥፎ ስለሆነ አልተቀበልኩም የሚል መስመር ከነፎልደሩ ስም ያገኛሉ። ያቺን መስመር ካገኙ ከግማሽ በላይ ጭንቀትዎ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ፤ ሰርቨሩ ዝም ያለው ለውጭ ሰው እንጂ ለጠባቂው አልነበረምና።

ሁለተኛው ብልሽት ባክአፑ ነው፤ የበለጠ ያሳሰበኝም እሱ ነው። 20 ባይት ያሉት ቁጥር ብዙ ነገር ይናገራል። ጂዚፕ የሚባለው ፋይል አጥባቂ ፕሮግራም ምንም ያልያዘ ነገር ሲሰጡት የሚያወጣው ባዶ ዛጎል ልክ 20 ባይት ነው። ይህም ማለት ማጥበቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ ወደ እሱ የመጣ ውሂብ ግን አልነበረም። ባክአፕዎ የሚወጣው ፖስትግሬስ ከሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ከሆነ ታሪኩ እንዲህ ነው። ሌሊት ሰው ሳይኖር ዳታቤዙ ይለፍ ቃል ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው «ፒጂፓስ» የተባለ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ነው፤ እሱም በዚያው በመለያዎ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ፈቃዱ 600 ወይም ከዚያ የጠበበ መሆን አለበት። 777 ሲሆን ፕሮግራሙ አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር ይጽፍና ፋይሉን ይተወዋል። ይለፍ ቃል ስለሌለው ዳታቤዙ አይከፈትለትም፤ ውሂብ አይወጣም። ማጥበቂያው ግን የመጣለትን ባዶ ነገር አጥብቆ፣ የዕለቱን ቀን ሰጥቶ ያስቀምጠዋል። የሌሊት ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሣው ክሮን የሚባለው ፕሮግራም ማስጠንቀቂያውን በኢሜይል ሊልክልዎት ይሞክራል። ነገር ግን በሰርቨሩ ላይ ኢሜይል ላኪ ፕሮግራም ካልተጫነ መልእክቱን ይጥለዋል። ማስጠንቀቂያው ተነግሯል፤ የሚሰማው ጆሮ ግን አልነበረም። የማይመጣ ባክአፕ ያስደነግጥና ያነቃል፤ በየቀኑ የሚመጣ ባዶ ባክአፕ ግን ያዘናጋል። መጠኑን ማየትዎ ድርጅትዎን ከትልቅ ጉዳት አድኖታል፤ ይህን ስል ለማጽናናት ብቻ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ መጀመሪያውኑ «ፈቃድ የለም» ያለው ለምን ነበር? ዝውውሩን በአስተዳዳሪው ሥልጣን ማለትም በሱዱ ከሠሩት፣ የተገለበጡት ፋይሎች ባለቤት የስርዓቱ የበላይ አስተዳዳሪ የሆነው «ሩት» ይሆናል። ውጫዊው ዲስክ ደግሞ ለዊንዶውስ እንደተዘጋጁት በፋት32 ወይም በኤክስፋት የተሰናዳ ከነበረ እነዚህ የሊኑክስን ባለቤትነትና ፈቃድ አይመዘግቡም። ስለዚህ ፋይሎቹ ሲሄዱ የነበራቸውን ፈቃድ ጥለው ይመለሳሉ። ችግሩ የባለቤት ነበር፤ የተሰጠው መድኃኒት ግን የፈቃድ ሆነ። በዚህ ጓደኛዎን አልወቅስም፤ ይህ ምክር ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ውጭ በሰፊው የሚነገር ነው። አቋሜን ግን በግልጽ እነግርዎታለሁ፦ 777 ለየትኛውም የሥራ ሰርቨር መፍትሔ አይደለም። በሩ አልከፈት ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለቤቱ ማነው የሚለው ነው፤ ቀጥሎ የትኛው ሰው የትኛውን ፈቃድ ይፈልጋል የሚለው ይመጣል።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ ሁለት መንገድ አለ። አሮጌው ዲስክ ገና ካልተሰረዘ የሚሻለው ከእሱ እንደገና መገልበጥ ነው። በዚህ ጊዜ በሁለቱም በኩል የሊኑክስ ዲስክ ይጠቀሙና ገልባጩ ፕሮግራም ባለቤትነትንና ፈቃድን ጠብቆ እንዲያዛውር በሚያዘው ምርጫ ያስኬዱት፤ አርሲንክ የሚባለው ገልባጭ በ«ኤ» ምርጫ ይህን ያደርጋል፤ ባለቤትነቱም እንዲጠበቅ በሱዱ ያስነሡት። አሮጌው ዲስክ ከሌለ በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ሲጀምሩ ግን ከሰርቨሩ ጋር ሁለት ግንኙነት ይክፈቱ። በአንዱ ይሥሩ፤ ሁለተኛውን ክፍት አድርገው ይተዉት። ስሕተት ተፈጥሮ በር ቢዘጋብዎት ያ ግንኙነት ያወጣዎታል፤ አለበለዚያ ከአዲስ ዘመን ወደ ወረታ ወርደው፣ ከወረታ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን መውጣት ሊኖርብዎት ነው።

መጀመሪያ ባለቤትነቱን ያስተካክሉ። ሲኤችኦውን በሚባለው የባለቤት መቀየሪያ ትእዛዝ የመለያ ፎልደሩን ከነውስጡ ወደ ራሱ መለያ ይመልሱት። ይህን በመለያ ፎልደሩ ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ከእሱ ውጭ ያሉት የስርዓቱ ፎልደሮች የሩት መሆን አለባቸውና አይንኳቸው። ቀጥሎ ፈቃዱ ነው፤ ትእዛዙ ሲኤችሞድ ይባላል። ዋናው የመለያ ፎልደር 750 ይሁን። ስውሩ የኤስኤስኤች ፎልደር 700፣ በውስጡ ያለው የቁልፎች መዝገብና የግል ቁልፍ ፋይል ካለም እያንዳንዳቸው 600፣ ፒጂፓስም 600 ይሁኑ። ለቀሩት ፋይሎች 640 ይበቃል፤ የሚነሡ ስክሪፕቶች ማለትም በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች የተጻፉባቸው ፋይሎች ደግሞ 750 ይሁኑ። ነገር ግን አንድ ቁጥር መርጠው ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይስጡ። ፎልደር ለመግባት የማስኬድ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፎልደሮችን 640 ካደረጓቸው ከራስዎ ቤት ውጭ ይቀራሉ። ፋይሎችን ለብቻ፣ ፎልደሮችን ለብቻ እየለየ የሚያገኝልዎትን ፋይንድ የተባለ ፈላጊ ትእዛዝ ይጠቀሙ። ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል በተራ ዝርዝር ላይ እንደማይታይም ያስታውሱ።

ከዚያ ይፈትኑት። ሦስተኛ ግንኙነት ከፍተው በቁልፍዎ ለመግባት ይሞክሩ። አሁንም ይለፍ ቃል ከጠየቀ ሎጉን እንደገና ይዩ፤ የቀረውን ፎልደር ስሙን ጠርቶ ይነግርዎታል። የባክአፑን ስክሪፕት ደግሞ ሌሊቱን ሳይጠብቁ በእጅዎ ያስነሡት፤ ይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ከጨረሰና የፋይሉ መጠን ከቀድሞው ጋር ከተቀራረበ ደህና ነው። ስክሪፕቱን ሲከፍቱ ሁለት ነገር ይጨምሩበት። አንደኛው ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ እንዲጠራቀሙ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ባሽ በሚባለው ትእዛዝ ፈጻሚ ውስጥ ያለው «ፓይፕፌይል» የተባለ ምርጫ ነው። ትእዛዞች አንዱ ለሌላው ውሂብ እያቀበሉ ሲሠሩ፣ ያለዚህ ምርጫ፣ የመጨረሻው ከተሳካ መላው ሥራ እንደተሳካ ይቆጠራል፤ ባዶ ባክአፕ ያወጣው ሥራም «ተሳክቷል» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ባክአፑን በሌላ ስም ወደ አዲስ ዳታቤዝ መመለስና ጥቂት መዝገቦችን ከፍቶ ማንበብ ነው። ተመልሶ ያልተፈተነ ባክአፕን እኔ እንደ ባክአፕ አልቆጥረውም።

ይህ ጠባይ የእነዚህ የሁለቱ ፕሮግራሞች ብቻ ስላልሆነ፣ ነገ ሌላ ቦታ ሲያጋጥምዎ እንዳይደነግጡ ጥቂቶቹን ልጥቀስ። ክሮን የስርዓቱ ሥራዎች በሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ባለቤቱ ሩት ያልሆነን ወይም ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችልን ፋይል አያስኬድም፤ ምክንያቱንም ሎጉ ላይ ብቻ ይጽፋል። በኡቡንቱና ደቢያን በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዝርያ ደግሞ በዚያ ፎልደር ስሙ ውስጥ ነጥብ ያለበትን ፋይል ጨርሶ አያየውም። በየዕለቱ በሚነሡት ስክሪፕቶች ፎልደር ውስጥም መጨረሻው ላይ ነጥብና «ኤስኤች» ያለበት ስክሪፕት፣ ወይም የማስኬድ ፈቃድ የሌለው፣ ያለ አንዳች ድምፅ ይታለፋል። ሎጎችን እያዞረ አሮጌዎቹን የሚያስወግደው ሎግሮቴት ፈቃዱ የሰፋ የቅንብር ፋይል ካገኘ ይተወዋል፤ ሎጎቹ እያደጉ ሄደው ከወራት በኋላ ዲስኩ ይሞላል፤ ሰውም ዲስክ ጠበበ ብሎ አዲስ ይገዛል። የእርስዎ ዲስክ የሞላውም በዚህ መሆን አለመሆኑን ቢያዩ አይከፋም።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች በተለይ የሚነካን ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ነው። የቅንብር ፋይሉ ማንም ሊጽፍበት የሚችል ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ፋይሉን ይተወውና በነባሪ ቅንብሩ ይነሣል። ከ8.0 በፊት በነበሩት ዝርያዎች ነባሪው የፊደል አመዘጋገብ የላቲን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በኋላ በተፈጠሩ ሠንጠረዦች ላይ የሚገባ የአማርኛ ስም የጥያቄ ምልክት ድርድር ሊሆን ይችላል። እንዲህ የተመዘገበ ስም ተመልሶ አይገኝም፤ ሰውየው ዳግም ተጠይቆ እንደገና መጻፍ አለበት። ስም ቀላል ነገር አይደለም፤ የክፍያ ወረቀት፣ የሕክምና ካርድ፣ የተማሪ ውጤት የሚገኘው በስም ነው። የድሮ ማይኤስኪውኤል ያለበት መሥሪያ ቤት ይህን አንድ ፋይል ዛሬ ቢያየው ደስ ይለኛል።

ሁሉም ፕሮግራም ግን ዝም አይልም። ሱዱ የፈቃድ ዝርዝሩ ያለበት ፋይል ሲሰፋበት በግልጽ ተናግሮ ሥራ ያቆማል፤ የኤስኤስኤች ደንበኛ ፕሮግራምም የግል ቁልፍዎ ለሌላ ሰው የሚነበብ ከሆነ በትልልቅ ፊደል ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ፈቃዱን ያጥብቡ። ምርመራውን ራሱን፣ ማለትም ስትሪክት ሞድስን፣ አጥፋው የሚል ምክርም ይሰሙ ይሆናል። አይቀበሉት፤ ብልሽቱን ሳይጠግን ጠባቂውን ያሰናብታል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ፍርሃትዎ፣ ሰው ገብቶ ይሆን ወደሚለው። ማስረጃ የለም ብያለሁ፤ አንድ እውነት ግን ልሸሽግዎ አልችልም። ለአንድ ወር ያህል የዳታቤዙ ይለፍ ቃል በተራ ጽሑፍ፣ በዚያ ሰርቨር ላይ መለያ ላለው ሁሉ ሲነበብ ቆይቷል። የቁልፎቹ መዝገብም ለመጻፍ ክፍት ነበር። በሰርቨሩ ላይ መለያ ያለዎት እርስዎ ብቻ ከሆኑ አደጋው ጠባብ ነው። ሌሎች ሠራተኞች መለያ ካላቸው ወይም ድረ ገጽ በዚያው ሰርቨር የሚሠራ ከሆነ ይሰፋል። በሁለቱም ሁኔታ የዳታቤዙን ይለፍ ቃል ይቀይሩ። የቁልፎቹን መዝገብ ይክፈቱና መስመሮቹን ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ቁልፍ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ማወቅ አለብዎት። ይህን ሁሉ ፈቃዱን ከማጥበብዎ በፊት ቢያዩት ይመረጣል። ምክንያቱም ፈቃዱ ሲስተካከል መዝገቡ እንደገና ይሠራል፤ በመሐል የገባ እንግዳ ቁልፍ ቢኖር እሱም አብሮ ይሠራል። ሥራ ለቀው የሄዱት ባለሙያ ቁልፍ አሁንም እዚያ ካለ ክፋት ባይታሰብም ይውጣ።

ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች ካዩ ግን ራስዎ ለመጠገን አይሞክሩ። የማያውቁት ቁልፍ በመዝገቡ ላይ መገኘት፤ በኦውዝ ሎግ ላይ ማንም በሥራ ላይ ባልነበረበት ሰዓት ወይም ከማያውቁት አድራሻ የተሳካ መግቢያ፤ ያልፈጠሩት የተጠቃሚ መለያ፤ በመሐል ቀናት የተቆረጡበት ሎግ፤ አስተካክለውት ከጥቂት ጊዜ በኋላ በራሱ ተመልሶ የሚሰፋ ፈቃድ። ከእነዚህ አንዱ ካለ የመረብ ገመዱን ይንቀሉ፤ ኃይሉን ግን አያጥፉ፤ ምንም ፋይል አይሰርዙ፤ ስርዓቱንም እንደ አዲስ አይጫኑ። ማስረጃው ያለው እዚያው ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በሥሩ ለእንዲህ ያለ ጥቃት ምላሽ የሚሰጥ ኢትዮ-ሰርት የሚባል ክፍል አለው፤ ድርጅትዎ ሪፖርት ማድረግ ይችላል። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ዳታቤዙ የደንበኞችን የግል መረጃ የያዘ ከሆነ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በድርጅቱ ላይ ግዴታ ስለሚጥል የሕግ ክፍላችሁ ቶሎ ሊያውቀው ይገባል።

የጥቃት ምልክት ባይኖርም ባለሙያ የሚያስፈልግበት ሌላ ሁኔታ አለ። 777 የተደረገው የመለያ ፎልደሩ ብቻ ሳይሆን የስርዓቱ ፎልደሮችም ከሆኑ በእጅ አይጠገንም። ሱዱን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ልዩ የፈቃድ ምልክት አላቸው፤ 777 ያን ምልክት ስለሚያነሣው ሥራ ያቆማሉ። እንዲህ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ውሂቡን አውጥቶ ስርዓቱን እንደገና መጫን ነው። ብቻዎን አይጀምሩት። ደብረ ታቦር የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቁና የሚያስተምሩ ሰዎች በቅርብዎ አሉ። በድርጅታችሁ በኩል በደብዳቤ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ለአለቃዎ ስለመንገር። ዛሬ ይንገሩ። ለመናዘዝ ሳይሆን ውሳኔው የእሳቸው ስለሆነ ነው፤ ይለፍ ቃል መቀየር፣ የውጭ ባለሙያ መጥራት፣ ሁለተኛ ዲስክ መግዛት የእርስዎ ብቻ ሥልጣን አይደለም። በአንድ ገጽ ይጻፉት፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ባክአፕ እንዳልነበረ፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳስተካከሉ፣ ምን እንደቀረ። ባዶዎቹን የ20 ባይት ፋይሎች አይሰርዟቸው፤ ቀኖቹን የሚያረጋግጡልዎት እነሱ ናቸው። በሒሳብ አያያዝ የተማሩ ሰው ከሌሎቻችን የበለጠ የሚያውቁት ነገር አለ፤ የጎደለ ሒሳብ በጊዜ ከተገለጸ ጉድለት ብቻ ነው፣ ከተሸሸገ ግን ስሙ ይለወጣል። ያልተማሩበትን ሥራ ያለ ሥልጠና መረከብዎንም በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ ይችላሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልስም ይገባዋል።

ፈቃዶቹን አስተካክለው አሁንም ካልሠራ እንደገና ይጻፉልኝ። ከሎጉ ላይ ያገኟትን መስመር እንዳለች ገልብጠው፣ የፎልደሮቹንም የፈቃድ ዝርዝር አያይዘው ይላኩ። የፒጂፓስ ፋይልዎን ይዘትና የግል ቁልፍዎን ግን ለእኔም ሆነ ለሌላ ማንም አይላኩ፤ እርዳታ ለመስጠት እነዚህን የሚጠይቅ ባለሙያ ካጋጠመዎት ከእሱ ጋር ሥራ አይጀምሩ።